ከደወል በፊት የተለቀመ በርበሬ

በኅዳር መጨረሻ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የማያስነጥሰው ሰው ካለ ወይ አፍንጫ የለውም፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለው። በርበሬው ከቡሬ ቆላና ከደምበጫ ወዲህ ካለው ማሳ በጭነት መኪና እየተጫነ ይገባል፣ የመጋዘኖቹ በር ይከፈታል፣ ከዚያ ወዲያ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ያለው ሰው ሁሉ በነጠላው ጫፍ አፍንጫውን ይዞ ነው የሚሄደው። ዘንድሮም መንገዱ ተከፍቶ መኪናው ደፍሮ መውጣት በጀመረበት ሳምንት፣ ከዘራዬን ይዤ በመጋዘኖቹ በኩል ሳልፍ ያ ሽታ መታኝ። ሦስት ጊዜ አከታትሎ አስነጠሰኝ። ከኋላዬ አንዲት ሴት «ይማርዎ አባቴ!» አለች። ሌላ ሰው ቢሆን «ያኑርሽ» ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ዞሬ አየኋት። ለማያውቀው ሰው ምሕረት የሚለምን ሰው ምን ፈልጎ ነው? እናቴ «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» እያለች ነው ያሳደገችኝ፤ ይኸው በሰባ ዓመቴ ገንፎ ሲቀርብልኝ መጀመሪያ በማንኪያ እፈትሸዋለሁ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ይህን ስታይ «አርባ ዓመት ሙሉ አገነፋሁልህ፤ አንድ ቀን እንኳ ስንጥር አግኝተሃል?» ትለኛለች። አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም እላታለሁ።

ሴትዮዋ ሠላሳ አይሞላትም። ኪስ የበዛበት ሰደርያ ለብሳለች፣ ሰደርያው ላይ ሁለት የተጨባበጡ እጆች ተሥለዋል፣ አንገቷ ላይ ስሟ የተጻፈበት ካርድ ተንጠልጥሏል፤ ቃልኪዳን ይላል። እጆቹን ሳይ በሆዴ፣ ማን ነው ከማን ጋራ የተጨባበጠው? አልሁ።

«አያ ስሜነህ አንቱ ነዎት?» አለችኝ።

በዚህ ዕድሜ የሰው ስም አጣርቶ የሚጠይቅ ወይ ቀበሌ ነው፣ ወይ ለፍትሐት የሚዘጋጅ ቄስ ነው።

«ማን ብሎሽ?»

«ድሮ በቆላው እርሻ ጣቢያ የቀን ሠራተኞች መሪ ነበሩ ብለው ነገሩን።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሰዎች ናቸው።»

«ሰዎቹ ስም አልወጣላቸውም?»

ሳቀች። ነገሩን ቁጭ ብላ አስረዳችኝ፤ ቁጭ ያልነው የመጋዘኑ በር ላይ ባለች ድንጋይ ነው። ድርጅታቸው ከአገራቸው ወጥተው በሰው ማሳ ለሚሠሩ የቆመ ነው፤ ከአዊ በርበሬ ሊለቅሙ ለሚመጡ፣ ከሊበንና ከዱርቤቴ በቆሎ ሊያርሙ ለሚወርዱ፣ በየመጋዘኑ ተቀምጠው በርበሬ ለሚቀነጥሱ ሴቶች። እንግዳ ሠራተኛ ሲታመም የሚያሳክመው፣ ማደሪያ ሲያጣ የሚጮኽለት እንዲኖር መብቱን ያስተምራሉ። አሁን ደግሞ ሠራተኞቹ ከመካከላቸው አንድ ሰው በመሪነት ሊመርጡ ነው። እና እኔ መጥቼ ስለ ድሮው መሪነት እንዳወራላቸውና እንድመርቃቸው ፈለጉ። «ልምድዎን ሼር ቢያደርጉን» አለችኝ፤ ልጅቷ የጎጃም ልጅ ናት፣ ቋንቋዋ ግን አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ነው።

«እናንተስ ከዚህ ምን ታገኛላችሁ?» አልኋት።

«እኛማ ምንም፤ ጥቅሙ የሠራተኛው ነው።»

ይህ መልስ የባሰ አስጠረጠረኝ። በዕድሜዬ «ምንም አልፈልግም» ያለኝ ሰው ሁሉ የሆነ ነገር ይዞብኝ ሄዷል። ጉልበቴን ያመኛል ብዬ ተነሣሁ። ወደ ቤት ስሄድ ግን ጉልበቴ አልነበረም የሚያመኝ። እኔ የሠራተኛ መሪ እንደነበርሁ የሚያውቅ ሰው ማን ቀረ? ያወቀስ ሌላውን ነገር ያውቅ ይሆን?

ያ ዘመን መቼ እንደነበር ዓመቱን አልቈጥርም፤ ብቻ በየግድግዳው በቀይ ቀለም መፈክር የሚጻፍበት፣ ስኳር በቀበሌ የሚታደልበት ጊዜ ነው። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ለመድረስ ለጭነት መኪና ሾፌር ሽልንግ ከሰጡ ከማዳበሪያው ጆንያ ላይ ወጥተው ጋደም ማለት ነው። ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል፣ ዳቦው ከዛሬው ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ ይህን ስናገር የልጅ ልጆቼ አያምኑኝም፣ የእኔ ደም ስላለባቸው አልፈርድባቸውም። የከተማው ጎረምሳ ከጭኑ የጠበቀ፣ ከቁርጭምጭሚቱ የሰፋ ሱሪ ለብሶ፣ የቴትሮን ሸሚዙን ሁለት ቁልፍ ከፍቶ፣ ጎፈሬው ላይ ሚዶ ሰክቶ ይዞራል። የገጠሩ ደግሞ አረንጓዴ ቁምጣና ኮንጎ ጫማ። ቡሬ ላይ መንገዱ ወደ ነቀምት ከሚገነጠልበት ዘንድ አንድ ሻይ ቤት ነበረ፤ ባለቤቱ ቴፕ ገዝቶ አንድ ካሴት ብቻ ስለነበረው ያንኑ ዘፈን ከጧት እስከ ማታ ያጫውታል። ወደ ቆላ የሚወርድ ሠራተኛ ሁሉ ያንን ዘፈን እያንጎራጎረ ነበር የሚወርደው። ዛሬ በዚያ ማዕዘን የሞባይል መጠገኛ ቤት አለ፣ ባጃጆች ተኮልኩለው ይቆማሉ፤ ባለፍሁ ቁጥር ግን ጆሮዬ ያንን ቴፕ ይፈልጋል።

እርሻ ጣቢያው ከቡሬ ወደ ቆላው ግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። በቆሎና በርበሬ ነበር የሚያመርተው። በለቀማ ጊዜ ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል፣ ያድርበት ዘንድ የሣር ዳስ ይጣልለታል፣ ለአንድ ሰው ለቀን በገመድ ተለክቶ አንድ ረድፍ ይሰጠዋል። ደወሉ ዛፍ ላይ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነበር፤ ዘበኛው በብረት ሲመታው ሥራ ይጀመራል፣ ከዚያ በፊት ማሳ መግባት ክልክል ነው። እኔ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ዳዊት ደግሜያለሁ፣ መጻፍ እችላለሁ፣ ድምፄ ከወንዝ ማዶ ይሰማል። ሥራ አስኪያጁ አንድ ቀን ሰብስቦን በጣቱ አሳየኝና «መሪያችሁ ይሁን?» አለ፤ ሰው አጨበጨበ። ምርጫው ይኸው ነበር። ፊሽካ፣ ጉልበት ድረስ የሚደርስ ቦት ጫማ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ለብቻዬ አልጋ ተሰጠኝ። ከዚያ ቦት ጫማ በፊት ተጠራጣሪ ብቻ ነበርሁ፤ ቦት ጫማውን ካጠለቅሁ በኋላ ጥርጣሬዬ ሥልጣን አገኘ። ሁለት ሰው ቆሞ ሲያወራ ካየሁ የሚያወራው ስለ እኔ ነው። ዝም ካለም ስለ እኔ እያሰበ ነው።

በጣቢያው አንድ ክፉ ደንብ ነበር። ክሊኒኩ ለቋሚ ሠራተኛ ነው፤ የቀን ሠራተኛ ወባ ከያዘው ጓዙን ጠቅልሎ ይወጣል። ሁለት ቀን ረድፉን ያልጨረሰ ስሙን ለአስኪያጁ የማቀርበው እኔ ነኝ። ከቆላው ወደ ቡሬ የሚያወጣውን ዳገት ወባ ይዞት የሚወጣ ሰው እንዴት እንደሚሆን አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ከመንገድ የቀረ ብዙ ነው። ያም ሆኖ በመጀመሪያው ወር ሁለት ሰው አስወጣሁ። አንደኛው የደምበጫ ልጅ ነበር፤ ሲንቀጠቀጥ እያየሁት እያስመሰለ ነው አልሁ። ይድረስ አይድረስ አልጠየቅሁም። ታናሽ ወንድሜ አለኸኝ እዚያው ከእኔ ጋራ ለቀማ ነበረ፤ ወንድሜ ስለሆነ እንዳይባል ከሌላው ይልቅ በእርሱ ላይ ነበር ፊሽካዬ የሚጮኸው። የሚያድረውም ከአዊ ሰዎች ዳስ ነው።

የአዊ ሰዎች ስድስት ነበሩ፣ በዕድሜ የሚበልጠው ቸኮል ነው። ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው፤ ረጅም፣ ቃሉ የተለካ፣ በሬው ሞቶበት አንድ በሬ መግዣ ሊያገኝ የመጣ ገበሬ። ከእኛ ጋራ ያማረ አማርኛ ይናገራሉ፣ እርስ በርሳቸው ሲሆኑ ግን በአዊኛ ነው። እኔ አዊኛ አልሰማም። ቸኮል አንድ ቃል ተናግሮ አምስቱ ከሳቁ የዚያን ቀን ምሳ አይወርድልኝም። ሲለቅም የሚያዜማት አንዲት ዜማ ነበረችው፤ ደስ የምትል፣ ጎንበስ ቀና ከማለት ጋራ የምትሄድ። አለኸኝ ተምሯት አብሮት ያዜም ነበር። እርሷንም ጠረጠርሁ። አንድ ጧት ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ደወሉ ሳይመታ፣ ቸኮልና ሁለት ጓደኞቹ ከበርበሬው ማሳ ሲወጡ አየኋቸው። ልብሳቸው በጤዛ ርሷል። በሦስተኛው ቀን ጧትም እንደዚያው። አልጠራኋቸውም፤ ያዝሁባቸው። ጠርጣሪ ሰው ያየውን ቶሎ አይናገርም፣ የሚጠቅምበትን ቀን ይጠብቃል።

ቀኑ መጣ። ከመጋዘኑ ሦስት ጆንያ በርበሬ ጠፋ ተባለ። አስኪያጁ ስለ አዲስ ዘመን ሲያወራ የሚውል ሰው ነበር፤ ሌባ ለማውጣት ግን የጠራው የአባቶቻችንን አውጫጭኝ ነው። አውጫጭኝ ማለት ሌባው እስኪገለጥ አገሩ ሁሉ አንድ ላይ ተከትቶ የሚቀመጥበት ወግ ነው፤ አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይነሣም። በዚያ በቆላ ፀሐይ ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ሜዳ ላይ ተቀመጥን። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ። አስኪያጁ ዞሮ ዞሮ ከፊቴ ቆመና «መሪ ተብለህ አታውቅም? ወይስ አንተ ነህ?» አለኝ። ያን ጊዜ ተነሣሁ።

«ቸኮል ነው» አልሁ። «ከደወል በፊት ከማሳ ሲወጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

አስኪያጁ ወደ ቸኮል ዞረ። «ገብተሃል?»

«ገብቻለሁ» አለ ቸኮል።

«ምን ልታደርግ?»

ዝም። ጓደኞቹ አንድ ነገር በአዊኛ አሉት፣ በእጁ ከለከላቸው። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ብሎ አየ፤ እኔን አይደለም፣ በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ከኋላዬ ያለውን። ግብረ አበሩን እየፈለገ ነው አልሁ። ዞሬ ግን አላየሁም። ለካ ከኋላዬ የተቀመጠው አለኸኝ ነበር።

በማግስቱ የቡሬ ገበያ ነው። በርበሬ በክር ሰክተው አንገቱ ላይ አጠለቁለት፣ ገበያውን ከዳር እስከ ዳር አዞሩት። እህል ተራው፣ ከብት ተራው፣ ጨርቅ ተራው ሁሉ እየቆመ አየው። «ቸኮል በርበሬ!» እያለ ሰው ጮኸ። እኔም በቦት ጫማዬ ከፊት ከፊት እሄድ ነበር። የጠፋው ጆንያ በኋላ ከማን ቤት እንደተገኘ ታውቃላችሁ? ከመጋዘን ጠባቂው ቤት ነው የተገኘው፤ አስኪያጁም ነገሩን አፍኖ አስቀረው። ለቸኮል ግን ይህን የነገረው የለም፤ አምስቱን ጓደኞቹን ይዞ ወደ አገሩ ሄዷል።

ለቀማው አልቆ እኔና አለኸኝ ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ዳገቱ ወገብ ላይ ካለች ዋርካ ሥር አረፍን። አለኸኝ ከስቷል፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ውሃ ጠጣና፣ «ወንድም ጋሼ፣ ቸኮል ሌባ አይደለም» አለኝ። ወባ ይዞት ነበር። አንድ ቀን ይዞ አንድ ቀን የሚለቀው ዓይነት። ቸኮል ዳስ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ አገኘው፤ አለኸኝ እግሩ ላይ ወድቆ «ለወንድሜ እንዳትነግርብኝ፣ ያስወጣኛል» አለው። ቸኮልም «አልናገርም፤ ይህን ዳገት እንዲህ ሆነህ አትወጣውም፣ ትሞታለህ። እኛ ዘንድ ወንፈል ነው፤ ዛሬ እኔ ለአንተ፣ ስትድን አንተ ለእኔ» አለው። ወባው በሚነሣበት ቀን ጧት ከደወል በፊት እየገቡ የረድፉን እኩሌታ ለቅመው፣ በርበሬውን ከእርሱ ጆንያ እየጨመሩ ይወጡ ነበር። አለኸኝ በቀሪው ረድፍ እንደምንም ቆሞ ይውላል። «በአውጫጭኙ ቀን ልነሣ ነበር» አለኝ፤ «በዓይኑ ተቀመጥ አለኝ። እኔም ፈራሁ። አንተን ፈራሁ።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? ዞሮ ቡሬ ይወርዳል፣ ከዚያ አዊ ይሄዳል፣ ድንጋይ ተሸክሞ ከሰውየው ደጅ ይወድቃል። እኔ ያልሁት «ለማንም እንዳትናገር» ነው። ፊሽካው ገና አንገቴ ላይ ነበር። አለኸኝ አልተናገረም። እስኪሞት ድረስ ለእኔም አላነሣብኝም። ብቻ ከዚያ ዓመት ወዲህ በርበሬ አልቀመሰም፤ በሠርግም በተዝካርም አልጫ ብቻ ነበር የሚበላ። ሰው ጨጓራውን አሞት ነው ይል ነበር። እኔ ነበርሁ የማውቀው፤ በየድግሱ ከፊት ለፊቱ ተቀምጬ ያንን አልጫ ሲበላ ማየት ነበር ቅጣቴ። አንድ ጊዜ ቡሬ ገበያ ላይ ቸኮልን ከሩቅ አየሁት፤ የባሕር ዛፍ ማገር ተሸክሟል። ካጠገቤ ካለ ሱቅ ዘልዬ ገባሁና ባለሱቁ ምን ልስጥህ ሲለኝ የፋኖስ ብርጭቆ ገዛሁ። ፋኖስ አልነበረኝም። ብርጭቆው እስከ ዛሬ ቁም ሣጥኑ ላይ አለ፤ ጥሩወርቅ ስትጠርግ በየጊዜው «ይኼ ምን ያደርግልሃል?» ትለኛለች።

ቃልኪዳን መጋዘኑ በር ላይ በተገናኘን በሦስተኛው ቀን ቤቴ ድረስ መጣች። ጥሩወርቅ እንደ ልጇ ተቀበለቻት፤ የእኔ ቤት አንድ ጠርጣሪ ነው ያለው። ልጅቷ ደብተሯን ገልጣ ለመሪነት የቀረቡትን ስታነብልኝ «አትጠገብ ቸኮል» አለች።

«የየት አገር ሰው ናት?»

«የአዊ ናት። በርበሬ ትለቅማለች፣ ለቀማው ሲያልቅ እዚህ መጋዘን ትቀነጥሳለች። በጣም ጎበዝ ናት፣ ሁሉም ይወዳታል።»

ወጥመድ ነው አልሁ። ምሕረት የለመነችልኝ በከንቱ አልነበረም፤ ፈልገው አግኝተውኝ ነው፣ በአደባባይ ሊያዋርዱኝ ነው። ሦስት ቀን ከራሴ ጋራ ተሟገትሁ። አልሄድም ስል፣ አልሄድም ማለቴ ራሱ ማስረጃ ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። መጨረሻ ላይ ወጥመዱን ያጠመደው ማን እንደሆነ በዓይኔ ልይ ብዬ ሄድሁ። በንስሐ አይደለም የሄድሁት፤ ቢሆን ደስ ባለኝ።

ስብሰባው ሊደረግ የታሰበበት አዳራሽ ቁልፉ ጠፋ ተባለና እዚያው በርበሬ መጋዘን ውስጥ ሆነ። ግድግዳው ላይ ሁለቱ የተጨባበጡ እጆች ያሉበት ጨርቅ ተሰቅሏል። የታሸገ ውሃ ታደለን፤ ክዳኑ ሲከፈት ቀጭ ማለቱን ሰምቼ ነው የጠጣሁት። ስድሳ የሚሆን ሰው አለ፣ ሁሉም በበርበሬው ምክንያት እስከ ዓይኑ ተሸፍኗል፤ ሴቱ በነጠላ፣ ወንዱ በጋቢ። ጠርጣሪ ሰው የሚያይበት ፊት አጣሁ። ከጆንያዎቹ ጥግ አንድ ሽማግሌ ተቀምጧል፤ ከጋቢው የሚታየው ሁለት ዓይኑ ብቻ ነው። ከገባሁ ጀምሮ ዓይኑን አልነቀለብኝም። ይኼ የአንዱ ወገን ጆሮ መሆን አለበት ብዬ ፊቴን አዞርሁ።

አትጠገብ ተነሥታ ተናገረች። አርባን ያለፈች፣ ረጅም ሴት ናት፤ ጣቶቿ በበርበሬ ቀልተዋል። «እኔ ብዙ ነገር አላውቅም» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምናችሁ። የታመመ ሠራተኛ ከማሳ እንዳይባረር። ሐኪም ቤት እስክናደርሰው ረድፉን ተካፍለን እንሥራለት። አባቴ ይህን ነው ያስተማረኝ።» ሰው ሁሉ ደስ አለው። እኔ ከወንበሬ ጫፍ ላይ ደርሻለሁ።

ያን ጊዜ ገበየሁ ተነሣ። ገበየሁ ሠራተኛ እያመጣ ለየባለማሳው የሚያስረክብ ደላላ ነው፤ ሠራተኛው የራሱ መሪ ካገኘ የእርሱ ሥራ እንደሚቀር የታወቀ ነው። አባቱም በዚያ ዘመን የእርሻ ጣቢያው ዘበኛ ነበር፤ ቸርኬውን የሚመታው እርሱ ነው።

«እኔ የሰው ስም ማጥፋት አልወድም» ብሎ ጀመረ፤ እንዲህ የሚጀምር ሰው ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ። «ግን ስድሳ ሰው ሊመራ የሚመጣ ሰው ዘሩ ይታወቅ። የዚች ሴት አባት ቸኮል በርበሬ ይባላል። የበርበሬ ሌባ ነው። ቡሬ ገበያ ላይ በአንገቱ አንጠልጥሎ ዞሯል። በርበሬ መጋዘን ላይ የሌባ ልጅ ልትሾሙ ነው? እኔን አትመኑኝ። እነሆ አያ ስሜነህ አሉ፣ የያዙት እሳቸው ናቸው። ይጠሩልን ብዬ ለቃልኪዳን ስማቸውን የሰጠኋትም እኔ ነኝ። ይጠየቁ!»

ጥርጣሬዬ ልክ ነበር፤ ወጥመድ ነበረ። የተጠመደው ግን ለእኔ አልነበረም። እኔ የወጥመዱ ብረት ነበርሁ። ቃልኪዳን ደንግጣ አየችኝ፤ ይህን እንዳላወቀች ከፊቷ ተረዳሁ፣ በጠረጠርኋት አፈርሁ። አትጠገብ እንደቆመች ቀረች። አልተከራከረችም። ስሙን ከልጅነቷ ጀምሮ በየገበያው ስትሰማው የኖረች መሆኗ ከአቋቋሟ ይታያል። አንድ «አዎን» ብቻ ከእኔ ይበቃ ነበር። እንዲያውም ዝም ብልም ይበቃ ነበር፤ አርባ ምናምን ዓመት የሠራሁበት ዝምታ ነው።

በከዘራዬ ተደግፌ ተነሣሁ። ምን እንደምል አላዘጋጀሁም።

«ይች ልጅ የሌባ ልጅ አይደለችም» አልሁ። «ቸኮል አልሰረቀም። ከደወል በፊት ማሳ የሚገባው ወባ የያዘውን ሰው ረድፍ ሊለቅም ነበር። የታመመው ደግሞ የእኔ ወንድም ነበር። የእናቴ ልጅ። ያባርረኛል ብሎ ከእኔ ተደብቆ፣ ባዕድ ደበቀው። ቸኮል ቢናገር ወንድሜ ይወጣ ነበር፤ ስለዚህ ዝም አለ፣ ሌባም ተባለ። በሐሰት የመሰከርሁበት እኔ ነኝ። ከወር በኋላ እውነቱን አወቅሁ። አውቄም ዝም አልሁ።»

ገበየሁ «እንዴ፣ አያ…» ብሎ ጀመረና ተወው። አትጠገብ እኔን አልነበረም የምታይ፤ ጥግ ወዳለው ሽማግሌ ነበር። ሽማግሌው ጆንያውን ተደግፎ ተነሣ፣ ጋቢውን ከፊቱ አወረደ። ጢሙ ነጭ ሆኗል፣ ቁመቱ ግን አልቀነሰም። አወቅሁት። እንግዲህ የሚለውን ይበል፣ ይርገመኝ፣ በከዘራው ይበለኝ ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ስሜነህ» አለኝ። «ልጁ ዳነ ወይ?»

አልገባኝም። «የትኛው ልጅ?»

«ወንድምህ ነዋ፣ አለኸኝ። ሲያዞሩኝ ከገበያው ዳር ቆሞ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ወዲያ ወሬውን የሚነግረኝ አጣሁ። አገሬ ሆኜ ‹ሞተ ይሆን?› እላለሁ። ዳነ ወይ?»

ይህን ሁሉ ዓመት ስለ ስሙ የሚያስብ መስሎኝ ነበር። «ዳነ» አልሁት፤ ደገምሁት። «ዳነ። ሰባት ልጅ ወለደ፣ የልጅ ልጅ አየ። አምና ነው ያረፈ።»

ቸኮል አማተበ። «እንኳንም ለቀምሁለት» አለ። ከዚያ በዝግታ ተመልሶ ተቀመጠ።

ቃልኪዳን ጉሮሮዋን ጠርጋ «እንግዲህ… አትጠገብን የምትመርጡ እጃችሁን አውጡ» አለች። እጁን የሚያወጣ ሰው አፍንጫውን መልቀቅ ግድ ሆነበት። ነጠላው ወረደ፣ ጋቢው ወረደ፣ የመጋዘኑ አቧራ ገባና ስድሳው ሰው ባንድ ጊዜ ያስነጥስ ጀመር። ገበየሁ ብቻ አፍንጫውን እንደያዘ ቀረ። ሁሉም ያስነጥሳል፣ ሁሉም ዓይኑን ይጠርጋል፣ ሁሉም እጁ ወደ ላይ ነው። እኔም ከመካከል ቆሜ አለቅሳለሁ፤ ማንም አልጠረጠረኝም።